ቴርሞሜትሩን ተከትሎ፦ ስድስት የስትራይፐር ቀናት በቴክሶማ ሐይቅ

ከዳላስ በሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ዴኒሰን ይደረሳል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1890 የተወለዱባት ከተማ ናት፤ ዓሣ አስጋሪውን የሚስበው ግን ከበስተ ጀርባዋ የተኛው ውሃ ነው። የዴኒሰን ግድብ ሬድ ወንዝን ከዋሺታ ወንዝ ጋር ከተገናኘበት ዝቅ ብሎ ዘግቶ በ1944 ሲጠናቀቅ 89,000 ኤከር የሚሸፍነው ቴክሶማ ተፈጠረ፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ወደ አራት እጥፍ ይሰፋል። ስሙ የቴክሳስና የኦክላሆማ ቅልቅል ነው፤ ሐይቁም የሁለቱ ወሰን ላይ ተቀምጧል።

ስትራይፐር (ሙሉ ስሙ ስትራይፕድ ባስ) በብርማ ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጭራው ሰባት፣ ስምንት ጥቁር መስመር የተሰመረበት ዓሣ ነው። አገሩ የአትላንቲክ ዳርቻ ሲሆን ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ውስጥ ይራባል። ኦክላሆማ ከ1965 ጀምሮ ጫጩቶቹን ቴክሶማ ውስጥ ጨመረች፤ በ1970ዎቹ ዓሣው ያለ ሰው እርዳታ መራባት ጀመረ። ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ጋይዶች (አስጋሪዎችን በጀልባቸው የሚመሩ ባለሙያዎች) ከሱ ይኖራሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ጋይዱን የሚጠይቀው «ዓሣው የት ነው?» ብሎ ነው። ያ ጥያቄ በየሳምንቱ መልሱ ይለዋወጣል። «ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ቦታውንም፣ ጥልቀቱንም፣ የሚይዘውን ማባበያም በአንድ ጊዜ ይገምታል። ከታች ያሉት ስድስት ቀናት በአንድ ዓመት ውስጥ የተበተኑ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የወቅታቸውን ልማድ ያሳያሉ። ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው። ሙቀትና ጥልቀት ግን የጀልባው ሶናር (ከውሃው ሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ) እንደሚያሳየው በፋራናይትና በጫማ ይጻፋሉ።

ከመነሣት በፊት አንድ ነገር። ጋይዱ ዘንግ፣ ማጥመጃና ጀልባ ያቀርባል፤ የማስገር ፈቃድ ግን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይገዛል። የቴክሳስ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው የኦክላሆማ ውሃ ውስጥ ከገባ ጥፋተኛ ነው፤ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ያለው በኦክላሆማ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የሚሸፍነው የቴክሶማ ፈቃድ ይገዛል፤ የሚያበቃው በዲሴምበር 31 ነው። የቀን ገደቡ ለአንድ ሰው 10 ዓሣ ሲሆን ከነዚህ ውስጥ 20 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። አንዴ ማቆያ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ ደግሞ ተቆጥሯል፤ ትልቅ ሲመጣ ትንሹን አውጥቶ መተካት አይፈቀድም።

ቀን 1፦ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ውሃው 46 ዲግሪ

ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ቀጠሮው ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ላይ 1 ሰዓት ይሆናል። ጀልባው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጂንስና የጥጥ ሹራብ አንዴ ከረጠቡ ቀኑን ሙሉ አይደርቁም። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት ይለበሳል። ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት ከሙሉው ይሻላል፤ ክሩ የሚነግረውን የሚሰማው ጣት ነው።

የብርዱ ወቅት ዓሣ ማስገር በሙሉ በአንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ የቆመ ነው። ትሬድፊን ሻድ የምትባለው፣ ጣት የምታህል ብርማ ዓሣ የስትራይፐር ዋና ቀለብ ናት። ቅዝቃዜ አትችልም፤ ውሃው ወደ 45 ሲወርድ ሚዛኗን ትስታለች፣ በጎኗ ትንሳፈፋለች፣ ከዚያም ትሞታለች። ስትራይፐር ከሥር ሆኖ ሳይሮጥ ይለቅማል፤ ከላይ ደግሞ ገል የሚባሉት ነጫጭ ወፎች ይለቅማሉ። ወፍ ያለበት ሻድ አለ፣ ሻድ ያለበትም ስትራይፐር አለ። ጋይዱ ንጋት ላይ ሶናሩን ትቶ አድማሱን በመነጽር የሚቃኘው ለዚህ ነው።

ወፎቹን ማንበብም ልክ አለው። ከፍ ብለው የሚዞሩ ገና እየፈለጉ ናቸው። ውሃው ላይ ተበትነው ዝም ብለው የተቀመጡ ብዙ ጊዜ ከዓሣው በላይ እያረፉ ነው፤ እነሱን ትቶ ማለፍ ስሕተት ነው። ተወርውረው ውሃውን የሚነኩ ከሆነ ግን ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል፤ አካሄዱ ላይ ነው ብዙዎች የሚያበላሹት። ትልቁ ሞተር ቢያንስ 100 ሜትር ሲቀር ይጠፋል፣ የቀረው በኤሌክትሪክ ሞተር ይሄዳል። በሞተር ወፎቹ መሐል የገባ ጀልባ ዓሣውን ወደ ጥልቁ ይልከዋል፤ ቀድመው የደረሱትም ጀልባዎች በምስጋና አያዩትም።

ማባበያው 1 አውንስ (28 ግራም) እርሳስ ጭንቅላት ያለው ጂግ (መንጠቆ) ላይ የተሰካ ከ4 እስከ 5 ኢንች የሚረዝም ነጭ የጎማ ዓሣ ነው። ዘንጉ 7 ጫማ፣ ዋናው ክር 20 ወይም 30 ፓውንድ የሚችል የተገመደ ክር፣ ጫፉ ላይ 3 ጫማ የሚሆን 20 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ያልተገመደ ነጠላ ክር)። የተገመደ ክር ያንሸራትታል፤ ብዙ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው አምስት ጊዜ ጠምዝዞ የሚያስገባው ቋጠሮ እዚህ ይፈታል። ክሩ ታጥፎ ሁለት ሆኖ በቀዳዳው የሚያልፍበት የፓሎማር ቋጠሮ ይያዝ። የሪሉ (የክር መጠቅለያው) ፍሬን የሚስተካከለው ከደካማው ክር አቅም በሩብና በሲሶ መካከል ነው፤ እዚህ ላይ 5 ወይም 6 ፓውንድ ሲጎተት የሚለቅ ማለት ነው። ጠንክሮ የተቆለፈ ፍሬን ትልቁን ዓሣ መጀመሪያ በሮጠበት ቅጽበት ያስበጥሳል።

አሠራሩ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ቅጣት ነው። ጂጉ ታች እስኪነካ ይለቀቃል፣ የሪሉ እጀታ አምስት ጊዜ ይዞራል (3 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል)፣ ከዚያ ዘንጉ ሳይነቃነቅ ይያዛል። ምንም አይደረግም። የጀልባው መወዛወዝ ለጎማው በቂ ነፍስ ይሰጠዋል፤ እየሞተች ያለች ሻድ እንዲያውም ከዚያ በላይ አትንቀሳቀስም። ዘንጉን እያነሣ የሚጥል ሰው ጎረቤቱ ሦስት ሲይዝ አንድ አይነካውም፣ ምክንያቱም ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው የሚሮጥን ነገር አያሳድድም። ምቱ ሲመጣ ደግሞ መምታት አይመስልም፤ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይከብዳል። ያኔ በእርጋታ ማንሣትና መጠቅለል ብቻ ነው።

ከ10 ፓውንድ የሚበልጡት በብዛት የሚገኙት በጃንዋሪና በፌብሯሪ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ በዚህ ወቅት የተለቀቀ ዓሣ ይድናል፤ ትልቋን እንቁላል ተሸካሚ ለኤፕሪል መተው የሚጠቅመው አሁን ነው። እጅን አርጥቦ፣ አንዱን የታችኛው ከንፈር ላይ፣ ሌላውን ሆዷ ሥር አድርጎ አግድም መያዝ። ጥርሷ አይጎዳም፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል እንጂ። የስንጥቧ ክዳን ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ የጀርባዋም እሾህ ይወጋል።

ቀን 2፦ በማግሥቱ፣ የሰሜን ነፋስ

ሌሊት የሰሜን ነፋስ ከገባ ጠዋት ላይ የሚመጣው የጋይዱ መልእክት «ዛሬ አንወጣም» የሚል ነው። ሜዳ ላይ የተኛ ሐይቅ ነውና ነፋሱን የሚሰብር ተራራ የለውም፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲነፍስ መሐሉ ለ24 ጫማ ጀልባ አደጋ ነው። የሚከራከር ደንበኛ ይኖራል፣ አይከራከሩ። የሚጠየቀው ጥያቄ ቀጠሮ ሲያዝ ነበር፦ በአየር ጠባይ ሲሰረዝ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፋል?

ቀኑን ለማሳለፍ በቴክሳስ በኩል ያለው የሄገርማን የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። በብርዱ ወራት ዝይዎች በሺህ እየሆኑ ማሳው ላይ ያርፋሉ፤ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል።

ቀን 3፦ ኤፕሪል፣ ውሃው 62 ዲግሪ

የመራቢያው ወቅት ከፋሲካ ጋር ይጋጫል። ዓሣ በሁዳዴ የማይበላበት ቤት ካለ ቀጠሮው ከበዓሉ በኋላ ይያዝ፤ ካልሆነ 10 ዓሣ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ሥጋው ይደርቃል።

ውሃው ከ60 እስከ 68 በሚሆንበት ጊዜ ስትራይፐሮቹ በሁለቱ ክንዶች፣ በሬድና በዋሺታ፣ ሽቅብ ይወጣሉ። የጣና ነጭ ዓሣዎች በክረምት ጉማራን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉም ጠጠሩ መሐል ይቆያል። የስትራይፐር እንቁላል ግን ታች ካረፈ ደለል ይቀብረውና ይሞታል። እስኪፈለፈል ድረስ ሁለት ቀን ገደማ ወራጅ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አለበት። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግድብ ሐይቆች ከበላያቸው ያለው ወንዝ አጭር ነው፤ እንቁላሉ ሳይፈለፈል የተኛ ውሃ ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ መንግሥት በየጊዜው ጫጩት ይጨምራል። ከቴክሶማ በላይ ግን ሬድና ዋሺታ ረጅም ርቀት ሳይገደቡ ይፈስሳሉ። ስትራይፐር እዚህ ራሱን የቻለው በዚህ ነው።

ለአስጋሪው ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንታት ትልልቆቹ ወደ ወንዞቹ ስለሚሄዱ ዋናው ሐይቅ ባዶ ሊመስል ይችላል። በሬድ ክንድ በኩል የዊሊስ ድልድይ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ቡና ከመሰለ ግን ቦታ መቀየር ይሻላል።

ማጥመጃው አሁን ሕይወት ያላት ሻድ ናት። ጋይዱ ገና ሳይነጋ በሚወረወር መረብ ይይዛታል። ማቆያዋ ክብ ገንዳ መሆን አለበት፤ ማዕዘን ያለው ከሆነ ሻዷ ጥጉ ውስጥ ተወሽቃ አፍንጫዋን እየጋጨች ትሞታለች። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ይገድላታል። ለ100 ሊትር ግማሽ ኪሎ ያህል አዮዲን የሌለው ጨው ይጨመራል፣ ቅርፊቷ ሲረግፍ የምታጣውን ጨው ይተካል። ውሃው ላይ አረፋ ከተጠራቀመ ሻዷ በዝታለች ማለት ነው። አፍንጫዋ የቀላ ሻድ ከመንጠቆ ላይ አትቆይም፣ ትጣል።

አሰካኩ፦ ዋናው ክር ላይ 1 ወይም 2 አውንስ የሚንሸራተት እርሳስ፣ ከሥሩ ተሽከርካሪ ቀለበት፣ 3 ጫማ ፍሎሮካርቦን፣ መጨረሻ ላይ መጠኑ 2/0 የሆነ ክብ መንጠቆ። ጀልባው እየተንሳፈፈ ከሆነ ሻዷ በአፍንጫ ቀዳዳዋ ትሰካለች፤ ጀልባው ቆሞ ቀጥታ ወደ ታች ከሆነ ከጀርባ ክንፏ ፊት። በክብ መንጠቆ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ ክልክል ነው። ዓሣው ዘንጉን ወደ ውሃው እስኪደፋው ጠብቆ መጠቅለል ብቻ፤ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የከንፈሩ ጥግ ላይ ይገባል። በቲቪ ያየውን መንጠቅ የሚደግም ሰው ማጥመጃውን ከዓሣው አፍ ነጥቆ ያወጣል፤ ከሁሉ በላይ ዓሣ የሚያሳጣው ስሕተት ይህ ነው።

ቀን 4፦ ጁን መጀመሪያ፣ ውሃው 76 ዲግሪ

ከመራባት የተመለሱት ይርባቸዋል። ለቤተሰብና ለልጆች የምንመርጠው ቀን ይህ ነው፤ የሁሉም ሰው ገደብ 4 ሰዓት ሳይሆን ሊሞላ ይችላል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲሄድ የሕይወት ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። ልኩ የሆነ ጃኬት ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ጋይዱ ጋ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለአዋቂ ነው።

ነፋስ የሚመታው ዳርቻ ይመረጣል፤ ማዕበሉ ሻዷን ወደዚያ ይገፋታል። ጥልቀቱ ከ15 እስከ 30 ጫማ። ቅዳሜን ሽሹ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ሐይቁ ሌላ ነው።

የዚህ ወቅት ጣጣ ጎርፍ ነው። የሐይቁ መደበኛ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 617 ጫማ ገደማ ነው፣ 640 ሲደርስ ውሃው በግድቡ ማፍሰሻ ላይ አልፎ ይሄዳል። ይህ በ1957፣ በ1990፣ በ2007 እና በ2015 ሆኗል። ከዚያ በታች እንኳ ጥቂት ጫማ ሲጨምር የወደቁ ግንዶች ይንሳፈፋሉ፤ ጋይዱ ንጋት ላይ ቀስ ብሎ ከነዳ ሰንፎ አይደለም።

ቀን 5፦ ኦገስት፣ የላይኛው ውሃ 86 ዲግሪ

12 ሰዓት ላይ ጀልባው ከማሪናው ወጥቷል፤ 4 ሰዓት ላይ ሁሉ ነገር ያበቃል። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ስስ ሸሚዝ።

የሙቀቱ ወቅት ችግር ዓሣውን ከሁለት ወገን ይጫነዋል። ትልቅ ስትራይፐር ከ75 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ደግሞ ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ ተለያይተው ተደራርበዋል፤ በመሐላቸው ያለውን ድንበር ሶናሩ እንደ ጭጋግ መስመር ያሳየዋል። ከድንበሩ በታች ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከላይ የሚወርደው የሞተ አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨርሶታል። ዓሣው እንግዲህ ከላይ በሙቀት፣ ከታች በመታፈን መካከል በቀረችው ጠባብ ንጣፍ ውስጥ ይኖራል። ትንሹ ዓሣ ሙቀትን ከትልቁ በተሻለ ስለሚችል የኦገስት ዓሣ በአብዛኛው ከ14 እስከ 18 ኢንች ነው። ትልቅ ካሰቡ ጃንዋሪን ይጠብቁ።

ማባበያው «ስላብ» የሚባለው ጠፍጣፋ እርሳስ ነው፤ ከአንድ ተኩል እስከ 2 አውንስ፣ ነጭ ወይም ብርማ። ከጃንዋሪው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ይሠራል፦ ታች እስኪነካ ይጣላል፣ ወዲያው በሙሉ ፍጥነት ስምንት ወይም አሥር ዙር ይጠቀለላል፣ እንደገና ይጣላል። ዓሣው ሙቅ ደም ያለው ይመስል ያሳድደዋል። ጋይዱ ደግሞ የጀልባውን ወለል በእንጨት ወይም በጫማው ተረከዝ እያከታተለ ይደበድባል፤ ዓሣውን ከጀልባው ሥር ያሰባስብልናል ይላሉ። ለጎረቤት ጀልባ ክብረ በዓል ይመስላል።

በኦገስት «ይዞ መልቀቅ» ስሙ ብቻ ነው ደግነት። ከ50 ጫማ በፍጥነት የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ይነፋል፣ 86 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ደግሞ ትንፋሹን መመለስ አይችልም። እየዋኘ ይሄዳል፣ ከዚያ ታች ሄዶ ይሞታል። ስለዚህ ገደቡ ሲሞላ ዘንጉ ይቀመጣል፤ ትልቅ ለማግኘት ብሎ መቀጠል የለም።

የተያዘው ዓሣ ወዲያው ስንጥቡ ተቆርጦ ደሙ ይፍሰስ፣ ከዚያም ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ ባለበት ሣጥን ይግባ። ውሃ በሌለበት የበረዶ ቁርጥራጭ ላይ ብቻ የተቀመጠ ዓሣ የነካው ጎኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ማሪናው ላይ ጋይዱ በኤሌክትሪክ ቢላ ፊሌቶ ያወጣል፤ አንድ ነገር ግን በግልጽ ይጠየቅ፦ በጎኑ መሐል ለመሐል የሚሄደው ቀይ ሥጋ ተቆርጦ ይውጣ። «ይህ ዓሣ ይሸታል» የሚሉ ሰዎች የቀመሱት ያንን ቀይ መስመር ነው። እሱ ሲወጣ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ለጉላሽ ሳይፈራርስ ይቆያል፣ ለኮተሌትም እንዲሁ። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ስለማያጣው በጥሬው አይበላ፤ መሐሉ 145 ዲግሪ (63 ሴልሺየስ) ይድረስ። ለጋይዱና ዓሣውን ለሚያጸዳው ጉርሻ የተለመደ ነው፣ ከዋጋው 15 ወይም 20 በመቶ።

ቀን 6፦ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ውሃው 66 ዲግሪ

ከዓመቱ አንድ ቀን ብቻ መምረጥ ቢኖርብን ይህን ነው። ውሃው ሲበርድ የተደራረበው ንጣፍ ይቀላቀላል፣ ኦክስጅን እስከ ታች ይደርሳል፣ ሻዷ ወደ ጥልቀት የሌላቸው ጅረቶች አፍ ትገባለች፤ ስትራይፐር ተከትሏት 5 ጫማ ውሃ ላይ ይመጣል። ንጋት ላይ ውሃው እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል።

የሚወረወረው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ከ5 እስከ 7 ኢንች የሚረዝም «ፔንስል ፖፐር» ነው። ከመንጋው አሳልፎ መወርወርና በመሐሉ መሳብ ያስፈልጋል፤ አናቱ ላይ የወደቀ ማባበያ መንጋውን ይበትናል። ስትራይፐር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በጭራው ይመታል፣ ሻዷ ስትደነዝዝ ተመልሶ ይውጣል። ስለዚህ ውሃው ሲፈነዳ ዘንጉን መንጠቅ አይደለም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ማንቀሳቀሱን መቀጠል፣ ክብደት ሲሰማ ብቻ ማንሣት። ድንጋጤ እጅን ስለሚቀድም ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የማባበያው ባለ ሦስት መንጠቆዎች ሹል ምላሳቸው በፒንሳ ይጨፍለቅ፤ ጀልባው ላይ የሚዘልል ዓሣ ሁለተኛውን መንጠቆ የሰው እጅ ውስጥ ሲሰካ ያኔ በቀላሉ ይወጣል።

በራሱ ጀልባ የመጣ ሰው ከመሄዱ በፊት ውሃውን በሙሉ ማፍሰስ አለበት፤ የማጥመጃ ባልዲውን ጨምሮ። በቴክሳስ ዜብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት ትንሽ የውሃ እንስሳ መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ሐይቅ ውስጥ፣ በ2009 ነው፤ የእንስሳው እጭ በዓይን አይታይም፣ በአንድ ኩባያ ውሃ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሻገራል። ማፍሰሱ ሕግ ነው።

በኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ ገሎች ይመለሳሉ። ለጃንዋሪ ቀጠሮ የያዘ ሰው የዓመቱ ፈቃድ በዲሴምበር 31 እንዳበቃ አይርሳ፤ አዲሱን በዋዜማው ስልኩ ላይ ይግዛ፣ 1 ሰዓት ላይ የማሪናው ሱቅ ገና አልተከፈተም።